ግጥም ያለው ብሎን

ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ አዳማ፣ ፍራንኮ፣
ንፋሱ አቧራውን እስከ ጥርሴ ልኮ፣
አይሱዙው ጋቢናውን ወደ ፊት ደፍቶ
እንደሚሰግድ ሰው፣
ሞተሩን ለእጄ ሰጥቶ።

ከጭስ ማውጫው ብሎን ሰባቱ ወጥቷል፤
ስምንተኛው ብቻ ግጥም ብሎ ቀርቷል።

ግጥም!
ገጣሚ ነን ባዮች ይህን መሳይ ቃል
ከጋራዥ ካልወሰዱት ከየት ይገኛል?
ግጥም ማለት ይኸው፦
ጥፍር የማያስገባ፣ ልመና የማይሰማ፣
ናፍጣ ሲያጠጡት ጭራሽ የሚጠማ።
ጠዋት ኮካ አፈሰስንበት፣ በጎሚስታው ምክር፤
የተረፈውን ጎሚስታው ጠጣው፣ ያለ ኀፍረት፣ በፍቅር።

ብረትና ብረት፣ ዝገት ያጋባቸው፣
ሰማንያ ሳይፈርሙ፣ ሚዜ ሳይቆምላቸው፣
አሥር ዓመት ሙሉ ሲግሉ ሲበርዱ፣
ጋላፊን አቋርጠው ሲወጡ ሲወርዱ፣
አንድ አካል ሆነዋል።
እኔ ደግሞ ማነኝ?
በአሥራ አራት ቁልፍ የማፋታ ዳኛ ነኝ?

ሹፌሩ ወርዶፋ ይሄዳል ይመጣል፣
ስልኩን ያያል፣ ፀሐይ ያያል፣ ላቡን ይጠርጋል።
«ሽንኩርቴ እኮ በቀለ!
ከመቂ ጭኜው ድሬ ይጠብቁኛል፣
ዛሬ ካልደረስኩኝ ማን ይረከበኛል?»
እውነቱን ነው። ከሸራው ሥር የታፈነው ሽታ
ግቢውን ሞልቶታል፤ ዓይኔ ያለቅሳል
ሳላዝን።

ቁልፉ ላይ ሁለት ክንድ ቱቦ አጠለቅኩበት።
እግሬን ሻንሲው ላይ፣ ጀርባዬን ገተርኩት፣
እስትንፋሴን ይዤ፣ ባለኝ አቅም ሳብኩት—
ሸርተት!
የሁለት ጣቴ አንጓ ተላጠ።
ብሎኑ ደሜን ቀምሶ ዝም።

«የትኛው ደደብ ነው እንዲህ ያጠበቀው?
ጉልበት ሊያሳይ ነው ወይ? እጁን ያድርቀው!»

ለሊሴ፣ ተለማማጄ፣ ባትሪ የምታበራልኝ፣
ጥላሸቱን በጨርቅ ጠርጋ፣ ጎንበስ ብላ አየችልኝ።
«ጋሼ፣ ራሱ ላይ ፊደል አለ፤ በመሮ የተቀረጸ።
‹ተ› ይላል።»

ተ።
ያቺን ጠማማ ተ አውቃታለሁ።
ቁልፍ በያዝኩ ሰሞን፣ ያጠበቅኩት ላይ ሁሉ
ስሜን እጭር ነበር፣ ጎበዝ ነው እንዲሉ።
ማዶ ካለው ሱቅ ደጃፍ ካርድ የምትሸጥ ልጅ
ቆማ ስታየኝ፣
ጋሽ ሽኩር «ይብቃው» ሲለኝ፣
ሩብ ዙር ጨመርኩ።
አሁንም ስታየኝ፣
ሌላ ሩብ።

እጄን አየሁት። አልደረቀም፤ ይደማል።

ጋሽ ሽኩር፣ አላህ ይዘንለትና፣ ይል ነበር፦
«ስታጠብቅ የሚፈታውን ሰው አስብ።
እሱም ይርበዋል፣ ይደክመዋል፣ ይመሽበታል።»
የሰውየውን ስም ግን አልነገረኝም።

ለሊሴ፣ መብራት ለሚጠፋ ቀን ካኖርነው ሻማ
ቁራጩን ይዛ መጣች፣ ማንንም ሳታማ።
ብሎኑን በጋዝ እሳት እስኪቀላ አጋልኩት፤
ሻማውን ስታስነካው ሰሙን ሲጠጣ አየሁት።
ሰሙ ገባ፤ ወርቁ ይቆየን።
ከኒሟ ጥላ ሥር ተቀመጥን፣ ሦስታችን፣
ምንም ሳንነጋገር። ከኮረብታው ላይ፣ ከፊታችን፣
ንፋስ የሚነዳቸው ረጃጅም ነጫጭ ክንፎች
ያለ ቱቦ፣ ያለ ስድብ፣ ይዞራሉ።

ቁልፉን እሷ ያዘች። በመዶሻ ነካ፣ ነካ።
ለመፍታት መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው ገፋ፣ ለካ፤
ከዚያ መለስ።
ሲጥ አለ።
እንደገና ገፋ፣ መለስ።
ሲጥ—
እንደ አሮጌ በር እያጉረመረመ ወጣ።
ወርዶፋ ጮኸ፤ በሁለት እጁ ሽንኩርት ታቅፎ መጣ።

አዲሱን ስታስር ዓይኔ ቁልፏ ላይ ነበር።
ቆመች፣
እኔ ከማቆምበት ቀደም ብላ።
«ጨምሪበት» ልል አፌን ከፈትኩ፣
ዘጋሁት።
አሮጌውን ብሎን ኪሴ ውስጥ ጣልኩት።
ገና አልበረደም ነበር፤
ጭኔን ፈጀኝ።